ወደ ግራ ስለተዞረችው ብሎን

ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.
ድሪል ለገዛሁበት ሱቅ የጥገና ክፍል
ጂማ

ጉዳዩ፦ ለጥገና ሰጥቼው ስለተበላሸብኝ ድሪል

ከሦስት ወር በፊት ከእናንተ በ6,800 ብር ባለ 13 ሚሊ ሜትር ድሪል ገዝቻለሁ። ዋስትናው ስድስት ወር ነው፤ ደረሰኙም በእጄ አለ። ባለፈው ሳምንት ቸኩ፣ ማለትም መብሻውን ፑንታ ነክሶ የሚይዘው የድሪሉ አፍ፣ ፑንታ አልይዝ አለ። የቱንም ያህል ባጠብቀው ዋንዛ ላይ ሲደርስ ፑንታው ይቆማል፣ ቸኩ ብቻውን ይዞራል። ይዤላችሁ መጣሁ። እስከዚህ ቅሬታ የለኝም፤ ዕቃ ነው፣ ይበላሻል።

ቸኩ ሊቀየር ሲባል ከድሪሉ አልላቀቅ አለ። ባለሙያችሁ የቸኩን አፍ ከፍቶ ውስጥ ያለችውን ብሎን በካቻቢቴ ወደ ግራ ማዞር ጀመረ። "የኔ ወንድም፣ እሷ የምትፈታው ወደ ቀኝ ነው" አልኩት። "ጋሼ፣ ሥራዬን ልሥራበት" አለኝ። በሁለቱም አቅጣጫ በሚዞር ድሪል ላይ ያቺ ብሎን ጥርሷ ግልብጥ ነው። ድሪሉ ወደኋላ ሲዞር ቸኩ ተፈትቶ እንዳይወጣ የምትይዘው እሷ ናት። እሱ ግን በገፋት ቁጥር ያጠብቃታል። ካቻቢቴው ሸርተት፣ እሱ ደግሞ ገፋ። የብሎኗ ራስ ተልጦ እንደ ሳህን ክብ ሆነ፤ የብረት ብናኙ ጠረጴዛው ላይ ያብረቀርቅ ነበር። ቀጥሎ መዶሻ መጣ።

በማግስቱ "በጂማ እርጥበት ዝጓል፣ ዋስትናው አይሸፍነውም፣ 1,900 ብር ክፈል" ተባልኩ። ጂማ ዝናብ እንደሚበዛባትማ ተወልጄ ያደግኩባት ነኝና አይነገረኝም። ቢዝግስ? ዘይት ጠብ አድርጎ ትንሽ መታገስ ነው። ብሎኗ ወደ ቀኝ ትወጣለች። ከዚያ ቸኩን ትልቅ ባለ ስድስት ጎን ቁልፍ አስነክሶ ቁልፉን ወደ ግራ መታ ማድረግ ነው፤ ቸኩ ራሱ የሚፈታው እንደማንኛውም ብሎን ነውና።

ለሠርግ የታዘዘ የዋንዛ አልጋ በእጄ ስላለ እስካሁን በኪራይ ድሪል እየሠራሁ ነው። 900 ብር ወጥቶብኛል።

ቸኩና ብሎኗ በነፃ እንዲተኩልኝ፣ በመዶሻው የተጎዳ ካለም ድሪሉ እንዲቀየርልኝ፣ የኪራዩም ገንዘብ እንዲመለስልኝ እጠይቃለሁ። በአምስት የሥራ ቀን ምላሽ ካላገኘሁ በንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት ወደ ከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት እሄዳለሁ። የተላጠችውን ብሎን ስታወጧት አትጣሏት፤ እፈልጋታለሁ።

ከሰላምታ ጋር
እንጨት ሠራተኛው ደንበኛችሁ