ቴርሞሜትሩ ያለውን ጻፉ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

የምጽፍላችሁ ከደሴ ነው። ልጄ በሳይንስ ክፍለ ጊዜ ውሃ አፍልተው ሲለኩ ቴርሞሜትሩ 92 አካባቢ ላይ ቆመ፤ እሷም ያየችውን ጻፈች። መምህሩ በቀይ ሰርዞ 100 አደረገው፣ መጽሐፉ 100 ይላላ! እንዴ፣ ደሴ እኮ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከፍ ሲባል የአየር ግፊቱ ይቀንሳል፣ ውሃውም 100 ሳይደርስ ይፈላል። ንፍሮው አልበስል የሚለንም ለዚህ ነው (እኔ ከሰሉን ነበር የምረግመው)። ልጅቷ አየች፣ ለካች፣ እንዳለ መዘገበች፤ ኤክስ ተሰጣት።

መምህሩን ብዙም አልፈርድበትም፣ ክፍሉ ጢም ያለ ነው። ግን ቴርሞሜትሩን ይዘው ኮምቦልቻ ቢወርዱስ? እዚያ ዝቅ ስለሚል ቁጥሩ ስንት እንደሚሆን መጀመሪያ ይገምቱ፣ ከዚያ ያፍሉ። ከሰሉን እኔ እችላለሁ።

የተማሪ አባት፣ ከደሴ