የንባብና ድርሰት ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ፦ ሐኪሙን ተከትለን እስከ ጎንደር

ክበባችን ዘንድሮ ሙሉ ዓመቱን ያዋለው በአንድ ሥራ ላይ ነው፤ ተማሪዎች ምዕራፍ ተከፋፍለው አንድ ታሪካዊ ልብ ወለድ ጽፈዋል። ባለታሪኩ ፈረንሳዊው ሐኪም ሻርል ፖንሴ ነው፤ ቀዳማዊ አፄ ኢያሱ ሐኪም እንዲያመጡላቸው ከላኳቸው ሐጂ አሊ ጋር እ.ኤ.አ. በ1698 ከካይሮ ተነሥቶ፣ በረሃውን በግመል አቋርጦ፣ በዶንጎላና በስናር አድርጎ በ1699 ጎንደር ገብቷል። «የፈረንጅ ታሪክ ለምን ተመረጠ?» ላሉን ባልደረቦች፣ ሐኪሙን ያስጠራው የጎንደር ቤተ መንግሥት፣ መልእክተኛውም የንጉሡ ሰው እንደነበሩ በአክብሮት አስታውሳለሁ።

የዓርብ ስብሰባዎች ሳይቋረጡ ተካሂደዋል።

በግንቦት አንድ ቅዳሜ ግን የተጻፈውን ለማንበብ አሞራ ገደል ሄደን ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ተቀመጥን። ተራው የደረሰው በስብሰባ ላይ ድምፅዋ እምብዛም የማይሰማ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነበር፤ የደረሳትም ከሐኪሙ ጋር የተጓዘው የኢየሱሳውያን (የካቶሊክ ሚስዮናውያን ማኅበር) ካህን፣ የአባ ብሬቭዳን ሞት ነው። አፄ ፋሲለደስ ኢየሱሳውያንን ካባረሩ ከስድሳ ዓመታት በላይ ቢያልፍም ካህን መሆኑ እንዳይታወቅ «ዮሴፍ» ተብሎ የሐኪሙ አገልጋይ መስሎ የተጓዘው ይህ ሰው፣ ጎንደር ሊገቡ ጥቂት ሲቀራቸው ባርኮ በተባለ ስፍራ አረፈ። ተማሪዋ በራሷ ፈጠራ፣ ሐኪሙ የመድኃኒት ሣጥኑን ከፍቶ ለንጉሡ ባስቀመጠው የመጨረሻ ብልቃጥና በጓደኛው መካከል ሲዋልል አሳየችን። እዚያ ላይ ስትደርስ ንባቧን አቁማ፣ «መምህር፣ ከሰጠው መልእክቱ ይበላሻል፤ ካልሰጠው ሐኪም አይደለም፤ ምን ላድርገው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። አጠገባችን መረቡን ይጠግን የነበረ ዓሣ አጥማጅ እጁን አሳርፎ ያዳምጥ ነበር፤ «ይስጠው እንጂ!» አለ። በሚቀጥለው ዓርብ ይዛው የመጣችው ምዕራፍ ላይ ብልቃጡ ባዶ ነው፤ ሐኪሙም ቤተ መንግሥት ሲገባ ምን ብሎ እንደሚያስረዳ እያሰበ ነው። በሃያ ዓመት የማስተማር ዘመኔ የተማሪ ጽሑፍ እንዲህ ነክቶኝ አያውቅም።

የገጠመን ችግርም አለ። ክበቡ ይጠቀምበት የነበረው ብቸኛ ኮምፒውተር በመጋቢት ተበላሽቶ ሁለት ምዕራፎች ጠፍተውብን እንደገና ተጽፈዋል፤ ወረቀቱን ልጆቹ ከኪሳቸው አዋጥተው ገዝተዋል። ለኳስና ለማልያ በጀት ሲያዝ ደስ ይለናል፤ ለድርሰት ክበብ ግን እስከ ዛሬ አንድ ደስጣ ወረቀት እንኳ አልተያዘለትም።

ዘጠኙ ምዕራፎች በእጅ ጽሑፍ ተጠናቀው በመምህራን ክፍል መሳቢያዬ ውስጥ ይገኛሉ። የወላጅ መምህራን ኅብረትና የቀድሞ ተማሪዎቻችን የትየባውንና የኅትመቱን ወጪ ቢሸፍኑልን፣ የመጀመሪያውን ቅጂ ለቤተ መጻሕፍታችን፣ ሁለተኛውን ለዚያ ዓሣ አጥማጅ ለመስጠት ልጆቹ ወስነዋል።