ሁለተኛ ድርጅት መምጣቱ ብቻውን ውድድር አይደለም

ለአዘጋጁ፦

በቴሌኮም ገበያ «ውድድር ስለተጀመረ ተቆጣጣሪው እጁን ይሰብስብ» የሚለውን አስተያየት አልቀበልም። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በ2015 ዓ.ም. አገልግሎት ሲጀምር የኢትዮ ቴሌኮም ብቸኝነት አብቅቷል፤ ነገር ግን ሁለት ሻጮች ብቻ ያሉበት ገበያ ሳይነጋገሩም በዋጋ ሊግባቡ የሚችሉበት ነው። አንዱ ሲጨምር ሌላው ለመቀነስ የሚቸኩልበት ምክንያት የለውም።

ከዚህ የሚብሰው ደንበኛው ከአንድ ድርጅት ጋር መታሰሩ ነው። ስልክ ቁጥራችን ከባንክ ሒሳባችን፣ ከሥራችንና ከዘመድ አዝማድ ጋር ተሳስሯል፤ የእኔማ በሱቄ ታፔላ ላይ ተጽፏል። ቁጥርን መተው ገዢዎቻችንን ማጣት ስለሆነ ጥቂት ብር ቅናሽ ማንንም አያንቀሳቅስም።

ስለዚህ ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን፣ ደንበኛ ቁጥሩን ይዞ ወደ ሌላው ድርጅት ያለ ክፍያና በአንድ ቀን እንዲዛወር ያስገድድ፤ ጥያቄውን ያዘገየ ድርጅትም ለደንበኛው ካሣ ይክፈል።