በአንገቱ የሚተነፍስ ሰውና የጥምቀት ውሃ

ለተከበሩ አዘጋጅ፦

ጥምቀት ሲቃረብ ስለ ፋሲል መዋኛ ብዙ ይጻፋል፤ ስለ እንግዳ ማረፊያ፣ ስለ ጥበቃ፣ ስለ መንገድ። እኛ ማንሣት የፈለግነው በዚያ ሕዝብ መካከል ስለሚቆሙ ጥቂት ሰዎች ነው፤ በካንሰር ምክንያት ማንቁርታቸው (ድምፅ የሚወጣበት የአየር መንገድ ክፍል) ሙሉ በሙሉ ስለወጣላቸው ሰዎች።

ካንሰሩ ሳይስፋፋ ከተደረሰበት በጨረር ወይም ከማንቁርቱ ከፊሉን ብቻ በማውጣት ሊታከም ይችላል። ድምፁ ከሻከረ 3 ሳምንት ያለፈው ሰው፣ በተለይ የሚያጨስ ከሆነ፣ «ብርድ ነው» ብሎ መቀመጥ የለበትም የምንለው ለዚህ ነው። ከገፋ ግን ብዙ ጊዜ ማንቁርቱ እንዳለ ይወጣል። ሐኪሙ የአየር ቧንቧውን ጫፍ ወደ ፊት አምጥቶ ከአንገት ቆዳ ጋር ይሰፋዋል፤ ጉሮሮው ደግሞ ወደ ምግብ ቧንቧ ብቻ እንዲያመራ ተደርጎ ይዘጋል። ከዚያ ወዲያ ምግብ በአፍ፣ አየር በአንገት ነው። ማንቁርቱ ሳይወጣ አንገቱ ላይ ለጊዜው የመተንፈሻ ቱቦ የገባለት ሰው በአፍንጫውም ትንሽ አየር ያገኝ ይሆናል። ይኸኛው ግን አንገቱ ላይ ያለው ቀዳዳ ከተዘጋ ሌላ መተንፈሻ የለውም።

ጤነኛ ሰው ውሃ ሲገባበት ማንቁርቱ ይዘጋል፣ ያስለዋል። እዚህ ያ ዘበኛ የለም፤ ከአናት የፈሰሰ አንድ ጣሳ ጸበል በአንገት ወርዶ በቀጥታ ሳንባ ሊገባ ይችላል። መዋኛው ውስጥ መዝለልማ አይታሰብም። በጎማ ከሚረጨውም ራቅ ብሎ መቆም ነው። ብዙዎችን የሚገርመው፣ ቁስሉ ከዳነ በኋላ ጸበሉን መጠጣት ይችላል፤ የሚጠጣው ወደ ሳንባ የሚሄድበት መንገድ ተዘግቷልና። ፊቱንም በእጁ አርሶ ማበስ ይበቃዋል።

የጥር አቧራም ሌላ ጣጣ ነው። አየሩ በሚያሞቀውና በሚያረጥበው አፍንጫ በኩል ስለማያልፍ አክታው ደርቆ እንደ ቅርፊት ቀዳዳውን ይደፍናል። ስስ ፋሻ በንጹሕ ውሃ አርሶ፣ በደንብ ጨምቆ ቀዳዳው ፊት ማንጠልጠል ይረዳል። ጋቢ አጥብቆ መጠምጠም ግን ያፍናል። አክታው ከጠነከረ ሐኪም ባዘዘው መሠረት ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሊትር ንጹሕ ሳላይን (ለሕክምና የተዘጋጀ የጨው ውሃ) ቀዳዳው ውስጥ ጠብ አድርጎ ማሳል ነው።

እንዲህ ያለ ሰው በግፊያ መሀል ቢወድቅ ኡኡ ማለት አይችልም። በመጀመሪያ ነጠላውን ከአንገቱ ግለጡለት። ኦክስጅኑ የሚያዘው አንገቱ ላይ ነው፤ ትንፋሽ መስጠት ካስፈለገም በቀዳዳው በኩል ነው። በአፉ ቢነፉለት ሳንባው ጋ አይደርስም።

ስለዚህ ከከተራ ጀምሮ በድምፅ ማጉያ ከሚነገሩት ማሳሰቢያዎች ላይ «አንገቱ ላይ ቀዳዳ ላለው ሰው ውሃ አትርጩበት» የሚል አንድ ዐረፍተ ነገር እንዲጨመር፣ ለሚያጠምቁ ካህናትና ለመጀመሪያ ርዳታ ሰጪዎችም አስቀድሞ እንዲነገር እንጠይቃለን።

ከአክብሮት ጋር
የጤና ባለሙያዎች፣ ከጎንደር