በጸሎት ለቆማችሁልን ሁሉ፦ የምስጋና መልእክት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።

ሐምሌ 27 ቀን በቱሉ ዲምቱ መንገድ ዳር በልጃችን ላይ የደረሰውን የመኪና አደጋ አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ ብዙዎቻችሁም ከእኛ ጋር አልቅሳችሁበታልና እንደ አዲስ አልተርከውም። ልጃችን በእግዚአብሔር ቸርነትና በእመቤታችን አማላጅነት ዛሬ በክራንች እየተደገፈ ከብሎካችን በር እስከ ሱቁ ድረስ ይሄዳል። ይህን መልእክት ለመጻፍ ብዙ ጊዜ ተቀምጬ እንባዬ እየቀደመኝ ትቼው ነበር፤ ለዘገየሁበት ይቅርታ አድርጉልኝ።

በዚያች ሌሊት ከእንቅልፋችሁ ተነሥታችሁ ደም ለመስጠት የተሰለፋችሁ የሰፈራችን ወጣቶች፣ 47 ቀን ሙሉ ልጃችንን እንደ ልጃችሁ ያስታመማችሁ ሐኪሞችና ነርሶች፣ የእድራችን አባላት፣ የባለቤቴ የሥራ ባልደረቦች፣ እግዚአብሔር ውለታችሁን ይክፈላችሁ። ለእያንዳንዳችሁ የሚገባውን ያህል መናገር ብችል ደስ ባለኝ።

ስለ አንዲት እናት ግን በአጭሩ መናገር አልችልም። ስማቸውን እንዳልጽፍ አጥብቀው ስለ ለመኑኝ ሁላችንም እንደምንጠራቸው እማማ እላቸዋለሁ። እማማ በብሎካችን ግራውንድ ላይ የሚኖሩ፣ ዕድሜያቸው 70 ያለፈ፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናት ናቸው። ነሐሴ 1 ቀን ፍልሰታ ሲገባ ሱባኤያቸውን እኩሌታውን በቤተ ክርስቲያን፣ እኩሌታውን በሆስፒታሉ ኮሪደር አደረጉት። ማለዳ ኪዳን አስደርሰው፣ የዕለቱን ውዳሴ ማርያም ደግመው፣ ከቱሉ ዲምቱ ቃሊቲ፣ ከቃሊቲ ደግሞ ወደ መሀል ከተማ በሁለት ታክሲ ይመጡና ነጠላቸውን አጣፍተው ፊታቸውን ወደ ምሥራቅ መልሰው ይቆማሉ። ወንበር ስናቀርብላቸው «እናንተ ተቀመጡ፤ እኔ የመጣሁት ልቆም ነው» ይሉናል። እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ እያሉ 41 ጊዜ ሲቆጥሩ የመቁጠሪያቸው ፍሬዎች እርስ በርስ ሲነካኩ የሚያሰሙት ቀጭን ድምፅ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን በሃይላንድ የያዙትን ጸበል ለልጄ ግንባር ቀብተው፣ ከፌስታል ያወጡትን ዳቦ ቆርሰው ትልቁን ለእኔ ይሰጡኛል። እኔ አልበላም ስል ዳቦውን በእጃቸው እንደያዙ ዝም ብለው ይጠብቁኛል፤ ካልበላሁ እርሳቸውም አይበሉም።

አንድ ቀን ከአጠገባቸው ቆሜ የልጄን የክርስትና ስም ሲጠሩ ሰማሁ፤ ቀጥለውም «ያንንም ልጅ አስበው» አሉ። ማንን ማለታቸው እንደሆነ ስጠይቃቸው ሳይደብቁ «ሹፌሩን ነዋ» አሉኝ። ከመጀመሪያው ሌሊት ጀምሮ ለሁለቱም ሲጸልዩ ኖረዋል። ያን ሰዓት የተናገርኳቸውን ቃል እዚህ መድገም ያሳፍረኛል። ሦስት ቀን አላነጋገርኳቸውም፤ እርሳቸው ግን ሦስቱንም ቀን በሁለት ታክሲ መጥተው፣ ዳቦውን ቆርሰው፣ የኔን ድርሻ ከአልጋው አጠገብ አስቀምጠው ሄዱ። በአራተኛው ቀን «ልጄ፣ አንዱ በአልጋ ላይ ነው፣ አንዱ በእስር ቤት ነው፤ ሁለቱም እናት አላቸው» አሉኝ፤ ሌላ ምክር አልጨመሩም።

በእነዚያ ቀናት ትልቁ ትግሌ አቡነ ዘበሰማያት ነበር። «እኛም የበደሉንን ይቅር እንደምንል» ከሚለው ስደርስ ምላሴ ይከብዳል፤ ድምፄን ዝቅ አድርጌ አልፈው ነበር። ጌታችን በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 11 ቁጥር 25 «ለጸሎትም በቆማችሁ ጊዜ... በማንም ላይ አንዳች ቢኖርባችሁ ይቅር በሉት» ማለቱን ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬያለሁ። ይሁን እንጂ አጥብቄ የምለምን እኔ ራሴ፣ ያንን ሰው እግዚአብሔር እንዲቀጣልኝም በዚያው አፌ እለምን ነበር።

ልጄ ነሐሴ 9 ቀን፣ በ12ኛው ቀን ንጋት ላይ ዐይኑን ገለጠ። ባለቤቴ ለሰፈር ሲደውል ስልኩን ያነሣችው የእማማ የልጅ ልጅ ወሬውን እንደሰማች ስልኩን ሳትዘጋ ጥላው ሮጣ ወጣች፤ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 12 ጴጥሮስ በር ሲያንኳኳ ሮዴ ከደስታዋ የተነሣ በሩን ሳትከፍት ለሚጸልዩት ለመንገር እንደሮጠች ማለት ነው። ባለቤቴ ክፍት በቀረው ስልክ የሰማው የደረጃውን ሩጫና የእማማን እልልታ ነበር።

ይህን የምጽፈው ግን ለአንድ ነገር ነው። ብዙ ሰው «ይቅር ብለሽ ነው ልጅሽ የተረፈልሽ» ይለኛል። አይደለም። ልጄ ዐይኑን ሲገልጥ እኔ ቂሜን እንደታቀፍኩ ነበርኩ። ምሕረቱ ቀደመኝ። የንስሐ አባታችን ይህንን ስነግራቸው የማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 18ን ገልጠው፣ እልፍ መክሊት ዕዳ ስለተተወለትና መቶ ዲናር ያለበትን ባልንጀራውን ስላነቀው ባሪያ አነበቡልኝ። አንድ ዲናር የአንድ ቀን ሠራተኛ ደመወዝ እንደነበር፣ አንድ መክሊት ደግሞ 6,000 ዲናር ያህል እንደሚሆን አስረዱኝ። መቶ ዲናር የመቶ ቀን ድካም ነውና ቀላል ዕዳ አይደለም፤ የእኔም ሕመም ቀላል አልነበረም፣ አባታችንም ቀላል ነው አላሉኝም። ባሪያው ጌታው ምን ያህል እንደተወለት ረስቶ ከደጅ ሲወጣ ነው ባልንጀራውን ያነቀው። እኔም የልጄ ዐይን በተገለጠ ማግስት ለዕርቅ የመጡትን ሽማግሌዎች ፊት ነስቼ መለስኳቸው፤ መስከረም ላይ ዳግመኛ ሲመጡም አላናገርኳቸውም። ሽማግሌዎቻችን፣ ሁለት ጊዜ አፍራችሁ ተመልሳችሁ ሦስተኛ ለመምጣት ያልሰለቻችሁ አባቶች፣ ምስጋናዬም ይቅርታ መጠየቄም እዚህ ላይ ይድረሳችሁ።

በጥቅምት ሦስተኛ ሲመጡ የሹፌሩን እናት ይዘው መጡ። ከገጠር የመጡ እናት ናቸው፤ እንደ አገሩ ወግ በማጅራታቸው ድንጋይ ተሸክመው፣ አራተኛ ፎቅ ድረስ ወጥተው በራችን ላይ ተንበረከኩ። እኔ ደርቄ ቆምኩ። እማማ ያንን የሚያማቸውን ጉልበት አጥፈው ከእኚህ እናት ጎን ተንበረከኩ፤ ድንጋዩንም በሁለት እጃቸው አንሥተው ከውሃ ጀሪካኖቻችን አጠገብ አስቀመጡትና «ተነሺ እህቴ። እስካሁን ስሙን ሳላውቅ ያንን ልጅ እያልኩ ነው የማነሣው፤ የክርስትና ስሙ ማነው?» አሏቸው። እኚያ እናት ስሙን ሲናገሩ ድምፃቸው ተቆረጠ። እኔም ስሙን ስሰማ በውስጤ የነበረው ነገር ፈረሰ። ያ ሰው እስከዚያች ሰዓት ድረስ ለእኔ መኪና ብቻ ነበር። «ይቅር ለእግዚአብሔር» ያልኩት ተንበርክኬ፣ የእርሳቸውን አንገት አቅፌ ነው።

የሚያሳስባችሁ እንዳላችሁ ስለማውቅ አንድ ነገር ልግለጽ። ይቅር ማለታችን ጉዳዩን ከሕግ ፊት ማንሣት አይደለም። የሽማግሌዎቹ የዕርቅ ቃል በጽሑፍ ለፍርድ ቤቱ ቀርቧል፤ ፍርዱን የሚሰጠው ፍርድ ቤቱ ነው። እኛ የተውነው ቂማችንን ነው፤ እርሱም በአንድ ቀን አላለቀም። የመኪና ጥሩምባ ስሰማ አንዳንድ ሌሊት ይመለስብኛል፤ ያኔ ተነሥቼ እንደገና ይቅር እላለሁ። ሰባ ጊዜ ሰባት የተባለው ለተለያየ በደል ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ አንዱን በደል ደጋግሞ ይቅር ማለትም እንዳለበት የገባኝ አሁን ነው።

ለሰንበት ትምህርት ቤቱ መዘምራን፣ ለጽዋ ማኅበራችን፣ በጾምና በጸሎት ላሰቡን የወንጌላውያን አማኝ ጎረቤቶቻችን፣ በዱዓ ላልተለዩን ሙስሊም ወገኖቻችን፣ ውሃ በሌለበት ሳምንት ጀሪካን እስከ ፎቅ ላወጣችሁልን ልጆች፣ ከውጭ አገር ለደወላችሁ ዘመዶች ሁሉ ፈጣሪ ያክብርልን። ስማችሁን ያልጠራኋችሁ፣ የመጣችሁበትን ቀን እንኳ ያላስታወስኩላችሁ ብዙ ናችሁ፤ በእነዚያ ቀናት ማን እንደገባ ማን እንደወጣ አላውቅምና እንደ ውለታ ቢስ አትቁጠሩብኝ። በተለይ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት የራሱን ኮት አውልቆ ያለበሰኝን፣ ኮቱን ለመመለስ ብፈልገው ያጣሁትን ወንድም፣ ይህ ከደረሰህ ኮትህ ታጥቦ ተሰቅሎልሃል።

አንድ ልመና ይቀረኛል። ለልጄ የምትጸልዩ ሁሉ እባካችሁ ጸሎታችሁን አታቋርጡ፤ የቀኝ እግሩ ገና አንድ ሕክምና ይጠብቀዋል። ከእርሱ ስም ቀጥላችሁም የሹፌሩን ስም አንሡልን። የክርስትና ስሙን በአደባባይ መጻፍ ስላልፈለግሁ፣ ለምትጠይቁኝ ለየብቻ እነግራችኋለሁ።

የልጁ እናት፣ ከነቤተሰቧ
ቱሉ ዲምቱ፣ አዲስ አበባ