መጀመሪያ ወረቀቱ የት እንደሚያድር ይታወቅ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በጋዜጣችሁ የጨረታ ገጾች ላይ ሲስተም፣ ማለትም ሽያጭና ዕቃ የሚመዘግብ ሶፍትዌር፣ ገዝቶ ለማስተከል የሚወጡ ማስታወቂያዎችን በትኩረት እከታተላለሁ። ከሜክሲኮ እስከ ፒያሳ፣ ከለገሃር እስከ መርካቶ ባሉ ቢሮዎችና መደብሮችም ወሬው ያው ነው፦ ሥራ ዘግይቷል፣ ሲስተም ይገዛ። የሚያሳስበኝ ከግዢው በፊት መሠራት ያለበት ጥናት መዘለሉ ነው። የጨረታ ሰነዱ ሲገለጥ የሶፍትዌሩ ዝርዝር ገጽ ሞልቷል። በቀን ስንት ደረሰኝ እንደሚቆረጥ፣ ስንት ሰው እንደሚጠቀምበት፣ ሥራው ዛሬ የት ላይ እንደሚቆም የሚናገር መስመር ግን አይገኝበትም። ስለዚህ ተጫራቹ በግምት ይሞላል፤ የአንዱ ዋጋ የሌላውን አራት እጥፍ የሚሆነውም እያንዳንዱ የገመተው ሥራ ስለሚለያይ ነው።

ጥናቱ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። 30 የዕቃ መጠየቂያዎች ላይ ለእያንዳንዳቸው አንድ ወረቀት ይያያዝ፤ ወረቀቱ የደረሰው ሰው ሁሉ የተቀበለበትንና የለቀቀበትን ሰዓት ይጻፍ። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ከሆነ ሞዴል 20 (የዕቃ መጠየቂያው ቅጽ) ተሞልቶ ሞዴል 22 (የዕቃ ወጪ ቅጹ) እስኪቆረጥ ድረስ ማለት ነው። ልኬታው ግማሹ በተለመደ ሳምንት፣ ግማሹ በወር መዝጊያ ወይም በበዓል ዋዜማ ቢሆን ይመረጣል፤ ሰልፉ የሚረዝመው ያኔ ነውና።

መደብሩ መርካቶ፣ መጋዘኑ ቃሊቲ የሆነ አከፋፋይ እንውሰድ። ሰኞ ከጠዋቱ 4 ሰዓት የተጻፈ ጥያቄ ዕቃው የወጣው ማክሰኞ ቀን 6 ሰዓት ላይ ነው እንበል። 26 ሰዓት ሆነ። ሰዎች በትክክል የሠሩበት ሲደመር 40 ደቂቃ ብቻ ነው፤ የቀረውን ወረቀቱ ሥራ አስኪያጁ ባንክ ውለው እስኪመለሱ ፎልደር ውስጥ አደረ። አዲሱ ሲስተም 40ውን ደቂቃ ወደ 25 ቢያወርደው የተረፈው ሩብ ሰዓት ነው። እስከ 20,000 ብር የሚደርስ ጥያቄ በሽያጭ ኃላፊው ፊርማ እንዲወጣ አንድ የውክልና ደብዳቤ ቢጻፍ ግን ወረቀቱ ማደሩ ራሱ ይቀራል። ለዚህ ጨረታ አያስፈልግም።

ሠራተኛን «ሥራህን እንዴት ነው የምትሠራው?» ብሎ መጠየቅ ብቻውን አይበቃም። እንጀራው የተነካ መስሎት መመሪያው ላይ ያለውን ይነግራል። ስለዚህ ልኬታው ሰው ለመክሰስ እንዳልሆነ አስቀድሞ በጽሑፍ ይነገርና አጠገቡ ተቀምጦ ይታይ። በተለይ ስቶር ኪፐሩ መሳቢያው ውስጥ የሚያስቀምጣት ደብተር አለች። ቢን ካርዱ (የመጋዘኑ የዕቃ መቆጣጠሪያ ካርድ) 120 ካርቶን ሲል ደብተሯ «112፣ 8 የረጠበ» ትላለች። አዲሱ ሲስተም ለረጠበውና ለተመለሰው ዕቃ ቦታ ከሌለው ደብተሯ ከሲስተሙ በኋላም ትቀጥላለች። እኔ ብሆን መሥፈርቱን መጻፍ የምጀምረው ከእሷ ነው።

ጥናቱን ማን ይሥራው? ከሻጭ ኮሚሽን የማይቀበል፣ ውጤቱ «አትግዙ» ቢሆን ክፍያው የማይነካበት ሰው። ከአማራጮቹም አንዱ «ምንም ሳይገዛ አሠራሩን ማስተካከል» ይሁን። ተጫራቾች የሚመዘኑበት የነጥብ ክፍፍል፣ ለምሳሌ ለሥራው መስማማት 40፣ ለጥገናና ድጋፍ 25፣ ለዋጋ 20፣ ለመረጃ ደኅንነት 15፣ ኤንቨሎፕ ሳይከፈት ቃለ ጉባዔ ላይ ይፈረምበት። ከተከፈተ በኋላ የሚወጣ ነጥብ አስቀድሞ ልብ ላረፈበት ሰው ልክ የሚሰፋ ልብስ ነው። ድምሩ ሲወጣ ከዋጋው 5 ነጥብ ቀንሶ ለድጋፉ መጨመር ነው፤ አሸናፊው ከተቀያየረ ሁለቱ እኩል ናቸውና ሁለቱም ይፈተኑ። ሦስት ፕሮፎርማም (የዋጋ ማቅረቢያ) ቢሆን ሦስቱን አንድ ሻጭ ሰብስቦ ካመጣቸው አንድ ፕሮፎርማ ነው።

ሻጩ በራሱ ናሙና ሲያሳይ ሁሉም ያምራል። የራስን 50 ዕቃና 20 ደንበኛ መስጠት ይሻላል፤ በካርቶን ተገዝቶ በፍሬ የሚሸጥ፣ በዱቤ የወጣ፣ ግማሹ የተመለሰ ይኑርበት። ቀኑ ጳጉሜን 5 የሆነ ደረሰኝም ይቆረጥ፤ ሲስተሙ 13ኛውን ወር ማወቁ ይታያል። «ኃይሉ» ተብሎ የተመዘገበውን ደንበኛ «ሀይሉ» ብሎ መፈለግ ነው፤ ካላገኘው በዓመቱ አንድ ሰው ሦስት ሂሳብ ይኖረዋል፣ ዱቤውም ይበታተናል። ደረሰኝ በመቁረጥ ላይ ሳለ ደግሞ የኔትወርኩ ገመድ ይነቀል። ሲመለስ ያው ሽያጭ ሁለት ጊዜ ከተመዘገበ፣ መብራት በሄደ ቁጥር የሚሆነው ይኸው ነው።

ወጪው የሚሰላው ለአምስት ዓመት ነው፦ የሶፍትዌሩ ፈቃድ፣ ዓመታዊ ድጋፉ፣ ሰርቨሩ፣ መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩን የሚያቆየው የዩፒኤሱ ባትሪ፣ የድሮው መረጃ ማስገቢያ፣ አሮጌውና አዲሱ ጎን ለጎን የሚሠሩበት የሁለት ወር ትርፍ ሰዓት። በዶላር የተተመነ ክፍያ ልዩ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። በ171,000 ብር የታሰበ የ3,000 ዶላር ዓመታዊ ክፍያ ከ300,000 ብር በላይ ሆነ ማለት ነው። ምንዛሪው ሲለወጥ ክፍያው እንዴት እንደሚሰላ የሚወስን አንቀጽ ውሉ ላይ ይጻፍ፤ ውሉ ሲቋረጥም መረጃው በኤክሴል ያለ ተጨማሪ ክፍያ እንደሚመለስ ይጻፍ።

የመጨረሻው 20 በመቶ ክፍያም ሲስተሙ በተተከለ ማግስት መለቀቅ የለበትም። አንድ ሙሉ ወር በሲስተሙ ተዘግቶ፣ ቆጠራው ከመጋዘኑ ጋር ተመሳክሮ፣ ስቶር ኪፐሩና ሂሳብ ሹሙ ከፈረሙ በኋላ ይከፈል።

ከአክብሮት ጋር
የሥራ ሂደት ተንታኝ፣ ከአዲስ አበባ