ስለ አዲሱ መኪናህና ስለ በረዶው መንገድ

ከደሴ

ይድረስ ለውድ ወዳጄና ለልጅነት ባልንጀራዬ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተሃል? ባለቤትህና ልጆችህስ እንደምን አሉ? እኔና ቤተሰቤ አላህ ይመስገን ደህና ነን። እናትህን በየጊዜው እየሄድኩ እጠይቃቸዋለሁ፤ ጤንነታቸው መልካም ነው፤ ዱአቸውም ከአንተ ተለይቶ አያውቅም። ይህን ያህል ዘመን ሳንጻጻፍ መቆየታችን ሲከነክነኝ ኖሯል፤ ደብዳቤህ ሲደርሰኝ የተሰማኝ ደስታ ግን ሁሉንም አስረሳኝ።

ወደ ሚኒሶታ መዛወርህን፣ ለብርዱም ወራት ብለህ አራቱም ጎማው የሚነዳ ራቭ ፎር መግዛትህን ነግረኸኛል። መኪናው ጥሩ መኪና ነው፤ እንኳን ደስ ያለህ፣ የሰላም ያድርግልህ። ነገር ግን «ፎር ዊል ስለሆነ ከእንግዲህ በረዶው አያሳስበኝም» ያልካት ቃል ሐሳብ ላይ ጣለችኝ። በዚያ አገር በኖርኩባቸው ዓመታት ዕቃ እያመላለስኩ በረዶ ላይ ብዙ ነድቻለሁ፤ አሁን ደግሞ እንደምታውቀው ወደ አቀስታና ወደ ወገል ጤና የምመላለሰው በሃርድ ቶፕ ላንድ ክሩዘር ነው። ሁለቱንም መንገድ ስለማውቀው፣ የቀረውን ወሬ ለሌላ ጊዜ አቆይቼ በዚሁ ጉዳይ ላይ ብቻ ልጽፍልህ ወደድኩ።

አራቱም ጎማ መነዳቱ የሚሰጥህን ጥቅም ማንም ሊያሳንስብህ አይገባም። ሁለት ጎማ ብቻ በሚነዳበት መኪና የሞተሩ ጉልበት በሙሉ በእነዚያ በሁለቱ ላይ ስለሚያርፍ፣ መንገዱ ሲያንሸራትት ጎማዎቹ ባሉበት መሽከርከር ይጀምራሉ፤ መኪናውም ከቆመበት አይነቃነቅም። ጉልበቱ ለአራት ሲከፋፈል ግን ከእያንዳንዱ ጎማ የሚጠየቀው ስለሚቀንስ፣ መሬቱን ቆንጥጦ መኪናውን ለመግፋት ይችላል። በረዶ ጠራጊው መኪና ሌሊት ከመንገዱ ጠርጎ ደጃፍህ ላይ ቆልሎት የሚሄደውን ክምር ጥሶ ለመውጣት፣ ዳገት ላይ መብራት ይዞህ ከቆምክበት ለመነሳት፣ እንደዚህ ያለ መኪና ወደር የለውም። ወደ ዱሉዝ የሄድክ እንደሆነ፣ ከሱፒሪየር ሐይቅ ዳር ቀጥ ብሎ ወደ ላይ የሚወጣውን ዳገት ስታይ ደሴ ትዝ ትልሃለች፤ በዚያ ዳገት ላይ ፎር ዊሉ ሲወጣ ሌላው መሐል ላይ ቀርቶ ጎማውን ሲያሽከረክር በዓይኔ አይቻለሁ።

ይህ ሁሉ ግን የመነሳትና የመውጣት ጉዳይ ነው። ወደ መቆም ስንመጣ የአንተ መኪና ከጎረቤትህ አሮጌ ኮሮላ በዚህ በኩል የሚበልጠው ነገር የለም፤ ፍሬን በማንኛውም መኪና አራቱንም ጎማ ነውና የሚይዘው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር፣ በእናንተ አቆጣጠር 30 ማይል ገደማ እየነዳህ ፍሬን ብትረግጥ፣ ደረቅ አስፋልት ላይ በ14 ሜትር ገደማ ትቆማለህ። ተረግጦ የጠጠረ በረዶ ላይ ይኸው ርቀት ወደ 50 ሜትር ይደርሳል፤ ውሃ ረግቶ ልሙጥ በረዶ በሆነበት መንገድ ላይ ደግሞ እስከ 100 ሜትር ድረስ ልትንሸራተት ትችላለህ። ይህም እግርህ ፍሬኑን ከረገጠበት ጊዜ ወዲህ ያለው ብቻ ነው፤ አደጋውን አይተህ እግርህን እስክታነሳ የምትጓዘው አልተቆጠረበትም።

ከዚህም የከፋው፣ የመኪናው ጉብዝና ራሱ መንገዱን የሚሸሽግብህ መሆኑ ነው። ሁለት ጎማ የሚነዳ መኪና የያዘ ሰው ከመጀመሪያው መብራት ሲነሳ ጎማው ስለሚዞርበት፣ ዛሬ መንገዱ ክፉ መሆኑን ወዲያው ያውቃል፤ ቀስ ብሎም ይነዳል። አንተ ግን ምንም ሳይሰማህ ተነስተህ በደረቅ ቀን የምትሄድበት ፍጥነት ላይ ትደርሳለህ፤ የመንገዱን ልሙጥነት የምትረዳው መጀመሪያ ፍሬን በያዝክበት ቦታ ነው። ስለዚህ በየጠዋቱ ከሰፈርህ ሳትወጣ፣ ከኋላህ ሰው አለመኖሩን አይተህ፣ በዝግታ እየሄድክ ፍሬኑን ረገጥ አድርገው። ፔዳሉ ከእግርህ ሥር ከተንቀጠቀጠ ኤቢኤሱ፣ ማለትም ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚከለክለው መሣሪያ፣ ሥራ ጀምሯል ማለት ነውና የመንገዱን ነገር ከዚያው ትረዳለህ። በጭንቅ ጊዜም ይህ መንቀጥቀጥ ሲመጣ እግርህን እንዳታነሳ፤ መሪው እንዲታዘዝልህ የሚያደርገው እርሱ ነው።

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስንወርድ ሐረጎ ላይ ያለው የሾፌሮች ልማድ እዚያም ያገለግልሃል፤ ማርሽ ቀንሶ በሞተር ይዞ መውረድ፣ ፍጥነቱንም ከኩርባው በፊት፣ መሪው ቀጥ ብሎ ሳለ መጨረስ ነው። ነገር ግን በረዶ ላይ ማርሹን በድንገት የቀነስክ እንደሆነ ሞተሩ ራሱ ጎማውን ሊያንሸራትተው ይችላልና አንድ በአንድ፣ በእርጋታ ቀንስ። ኩርባ ውስጥ ገብተህ የፊቱ ጎማ መሪውን እምቢ ካለህ፣ አብዝተህ አትጠምዝዘው፤ ነዳጁን ለቀቅ አድርገህ ጎማው መልሶ መንገዱን እስኪይዝ ታገሥ።

አሁን ከሁሉ ይበልጥ ልብ እንድትልልኝ ወደምፈልገው ልመጣ፤ እርሱም ጎማው ነው። እኔና አንተ ስለ ጎማ የምናውቀው ከደላንታ መረሬ፣ ከዚያ ከሚያጣብቀው ጥቁር ጭቃ፣ የተማርነውን ነው። ጭቃ ላይ ጥሩ የሚባለው ጎማ ጥርሱ ሰፊና የተራራቀ ሆኖ ጭቃውን እየወረወረ የሚሄድ ነው፤ በጥርሱ መካከል ጭቃ ከሞላበት ልሙጥ ጎማ ሆነ ማለት ነው። በረዶ ላይ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። በረዶ ይበልጥ አጥብቆ የሚይዘው ራሱን በረዶን ስለሆነ፣ የክረምቱ ጎማ፣ ማለትም ለብርዱ ወራት የተሠራው፣ በረዶውን በጥርሱ መካከል ጨብጦ እንዲያቆይ ሆኖ ነው የሚሠራው፤ በእያንዳንዱ ጥርስ ላይም ብዙ ቀጫጭን ስንጥቆች አሉት፤ ጎማው መሬት ሲነካ ከፈት እያሉ በጠርዛቸው መንገዱን ይቧጥጣሉ። ስለዚህ ለጭቃ የተሠራ፣ ጥርሱ የሚያስፈራ ጎማ አይተህ ለበረዶም ይሆናል ብለህ እንዳትገዛ።

ከጥርሱም ይልቅ የጎማው ላስቲክ ራሱ ወሳኝ ነው። ሙቀቱ ከ7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሲወርድ የበጋው ጎማ ብርድ ላይ እንዳደረ ቁርበት እየጠጠረ፣ ከመንገዱ ጋር መጣበቁን ይተዋል፤ ለክረምት የተሠራው ግን በዚያ ብርድ ውስጥም ልስላሴውን አይለቅም። የምትገዛውን ጎማ ጎኑን ተመልከት። ባለ ሦስት ጫፍ ተራራ፣ በመካከሉም የበረዶ ቅርጽ ያለበት ምልክት ከተቀረጸበት በበረዶ ላይ ተፈትኗል ማለት ነው፤ ኤም እና ኤስ የሚሉት ፊደላት ብቻ ካሉበት ግን ስለ ጥርሱ አቀራረጽ እንጂ ስለ ፈተና የሚነግሩህ የለም። አራቱንም አንድ ዓይነት ግዛ። ሁለቱን ብቻ የለወጠ ሰው የመኪናውን ግማሽ አካል መንገድ አስይዞ ግማሹን ለቀቀው። የጥርሱ ጥልቀት ከ4 ሚሊ ሜትር በታች ከወረደም ለበረዶ ብዙ ተስፋ አትጣልበት። ባለ ምስማሩን ጎማ በሚኒሶታ ለነዋሪ ስለማይፈቅዱት አትድከምበት። ገንዘብ ቢያጥርህና አንዱን ምረጥ ብትባል፣ እኔ በበጋ ጎማ ከሚሄድ ፎር ዊል ይልቅ በጥሩ የክረምት ጎማ የሚሄደውን፣ ሁለት ጎማው ብቻ የሚነዳ መኪና እመርጣለሁ።

የጎማውን ንፋስም አትርሳ። ሙቀቱ 5 ወይም 6 ዲግሪ በወረደ ቁጥር የንፋሱ ግፊት 1 ፒኤስአይ ያህል ይቀንሳል። እኛ ጭቃ ውስጥ ስንያዝ ሆን ብለን እናስተነፍሳለን፤ አስፋልት ላይ በምትሄድበት አገር ግን ጎማው ቀዝቅዞ ሳለ ለክቶ በፋብሪካው ልክ መሙላት ነው።

የእኔ ሃርድ ቶፕና የአንተ ራቭ ፎር ሁለቱም ፎር ዊል ይባሉ እንጂ አሠራራቸው ይለያያል። በሃርድ ቶፕ ፎር ሃይ፣ ማለትም አራቱንም ጎማ የሚያስነዳውን ማርሽ፣ ሳስገባ የፊቱና የኋላው አክስል አብረው ይታሰራሉ፤ በመካከላቸው በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ የሚፈቅድ ዲፈረንሻል ስለሌለ ደረቅ አስፋልት ላይ ስጠመዝዝ ይተናነቃሉና እዚያ አላስገባውም። የአንተ በአብዛኛው በፊት ጎማ እየሄደ፣ መንሸራተት ሲመጣ ኮምፒዩተሩ ለኋላው ያካፍላል፤ ስለዚህ ምንም ማስገባት አይጠበቅብህም። ቀስ ብሎ በብዙ ጉልበት የሚጎትተው ሎው ማርሽ ግን የለውምና፣ ጥልቅ በረዶ ውስጥ እንደ ሃርድ ቶፕ እየቆፈረ ይወጣል ብለህ አታስብ።

የጉጉፍቱን ደጋ ውርጭ የሚያውቅ ሰው ብርዱ በጨመረ ቁጥር መንገዱ የሚከፋ ይመስለዋል። በረዶ እጅግ የሚያንሸራትተው ግን ዜሮ አካባቢ፣ ላዩ በስሱ ሲቀልጥ ነው፤ ከዜሮ በታች 20 በሆነ ቀን ደርቆ ከጎማህ ሥር ሲንኮሻኮሽ መያዣ ይሰጥሃል። ድልድይ ከበታቹም ብርድ ስለሚያገኘው ከሌላው መንገድ ቀድሞ ይረጋል። የሚነሰንሱት ጨውም ብርዱ ከዜሮ በታች 10 ገደማ ሲያልፍ ጉልበቱ ይደክማል፤ ጨው ተነስንሷል ብለህ አትዘናጋ።

ከተያዝክ ደግሞ ከሁሉ በፊት ወርደህ የጭስ ማውጫውን አጽዳ። በበረዶ ተደፍኖ ሞተሩ ከሠራ ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ሰው ሳያውቀው ይገድላል። ከዚያ ከጎማዎቹ ፊት ያለውን በአካፋ ጥረግ፣ ጥቂት አሸዋ በትን፣ ጎማው ባለበት እንዳይሽከረከር የሚከለክለውን መቆጣጠሪያ ለጊዜው አጥፋው፣ ነዳጅም በለሆሳስ እየሰጠህ ወደ ፊትና ወደ ኋላ አመላልሰው። አካፋና አሸዋ፣ እናትህ የላኩልህም ጋቢ ከብርዱ ወራት መግቢያ ጀምሮ ከመኪናው አይውጡ።

ኅዳር ሳይገባ የጎማውን ነገር ጨርስ፤ የመጀመሪያው በረዶ የወረደ ዕለት ጎሚስታው ቤት ወረፋው አያድርስ ነው። አሁን የተገጠመልህን ጎማ ጎኑን በደንብ አንብበህ፣ ምን ምልክትና ቁጥር እንዳለበት በሚቀጥለው ደብዳቤህ ጻፍልኝ፤ የትኛው እንደሚሻልህ አስቤ እመልስልሃለሁ።

አክባሪ ወዳጅህ